ተምበለል ተብሎ የተሸጠልኝ ሐረግ ለምን አላበበም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከጎጃም ከተሞች ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ሲያብብ ደግሞ መዓዛው ግቢውን የሚያውድ የአበባ ሐረግ እንዴት እንደሚተከልና እንደሚያዝ ነው። ስለዚህ አንድ ላይ አድርገን መልሰናቸዋል። ደብዳቤዎቹ ለቦታ ሲባል አጥረዋል።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ የምኖረውም ደብረ ማርቆስ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በሐምሌ ከአንድ ችግኝ ሻጭ ‹ተምበለል ነው› ተብዬ ሁለት ችግኝ ገዛሁና አንዱን በመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር፣ ሌላውን በበረንዳው ምሰሶ አጠገብ ተከልሁ። ቅጠሉ ወፈር ያለና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ይወጣዋል። በመጀመሪያው ዓመት ከስንዝር ብዙም አላለፈ። አምና ወንድሜ ለጤፉ ከገዛው ማዳበሪያ የተረፈውን ዩሪያ ሰጥቶኝ፣ በየወሩ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ የቡና ስኒ ስጨምርለት ከረምሁ። ከዚያ ወዲህ ረዣዥም ቀንበጥ እያወጣ ቅጠሉ ብቻ በረከተ እንጂ አንድ እንቡጥ እንኳ አላየሁበትም። ጎረቤቶቼ ‹የማርቆስ ብርድ አይስማማውም፣ ንቀይው› ይሉኛል። ልንቀለው ወይስ ልታገሥ?»

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ አይንቀሉት። ሐረግዎ አልታመመም፤ ያላበበውም በብርድ ምክንያት አይደለም።

ነገሩን የፈታልኝ «ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ይወጣዋል» ያሉት ቃል ነው። ተምበለል ወተት የለውም። በሳይንሳዊ ስሙ ጃስሚነም አቢሲኒከም የሚባለው ተምበለል የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ተወላጅ፣ በዝምድናውም ከወይራ ቤተሰብ የሚመደብ ሐረግ ሲሆን፣ ቅጠሉ በአንዲት ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፤ አበባው ነጭ ሆኖ ጀርባው ወደ ሮዝ ያደላል፤ ፍሬውም ሲበስል ጥቁር ነው። እርስዎ የገለጹት ቅጠለ ወፍራምና ወተታም ተክል ግን በንግድ ስሙ ስታር ጃዝሚን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ትራከሎስፐርመም ጃስሚኖይደስ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። አገሩ ምሥራቅ እስያ፣ ማለትም ቻይና፣ ጃፓን፣ ኮሪያና ቬትናም ነው። በስሙ ጃዝሚን ይባል እንጂ ከጃዝሚን ወገን አይደለም፤ እኛ አገር የምናውቀው ዘመዱ አጋም ነው። በልጅነቱ አጋም ሲለቅም የዋለ ሰው ጣቱ ላይ የሚጣበቀውን ነጭ ወተትና የአበባውን ሽታ አይረሳም። የእርስዎም ሐረግ አንድ ቀን ሲያብብ፣ አምስቱ የአበባ ቅጠሎች እንደ አጋሙ ወደ አንድ ጎን ጠምዘዝ ብለው ተከፍተው ያገኟቸዋል። ሻጩ ሆን ብሎ አታለለዎት ለማለት አልደፍርም፤ መዓዛ ያለውን ነጭ አበባ ሁሉ ተምበለል ብሎ የሚጠራ ሰው አይጠፋምና።

ስለ ብርዱ፦ ይህ ሐረግ በትውልድ አገሩ ከዜሮ በታች የሚወርድ ክረምት የሚያሳልፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ለዚህ ተክል የሚከብድ አይደለም። በእነዚያ ወራት ቅጠሉ ወደ ቀይ ዳማ ሊለወጥ ይችላል፤ ይህ የመሞት ምልክት ስላልሆነ፣ ጎረቤቶችዎ ያን አይተው ከሆነ የፈረዱበት ቸኩለው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ከስንዝር ብዙም ያላለፈው ተፈጥሮው ስለሆነ ነው። ስታር ጃዝሚን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኃይሉን የሚያውለው ሥር ለመስደድ በመሆኑ፣ ከምድር በላይ ሲታይ የቆመ ይመስላል። እርስዎ በዚያ ወቅት ቢታገሡት ኖሮ በሦስተኛው ዓመት ራሱ ይነሣ ነበር። የተፈጠረው ግን ሌላ ነው። ዩሪያ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠልና ቀንበጥ የሚያበዛ ንጥረ ነገር በመሆኑ ለጤፍ በልኩ ሲሰጥ እህሉን ያሳምራል፣ ለአበባ ሐረግ በየወሩ በስኒ ሲሰፈርለት ግን ተክሉ ማበቡን ትቶ ማደጉን ብቻ ይቀጥላል። የወንድምዎ ደግነት ነው አበባውን የከለከለዎት ብል አይቀየሙኝ። ዩሪያውን ከዛሬ ጀምረው ያቁሙ። የዘንድሮው ክረምት ትርፉን አጥቦ ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሰኔ መግቢያ ላይ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት አንድ ባልዲ ያህል ከግንዱ አንድ ክንድ ርቆ በዙሪያው ቢበተንለት ይበቃዋል።

እነዚያን ረዣዥም ቀንበጦች ደግሞ አይቁረጧቸው። ስታር ጃዝሚን የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገ እንጨት ላይ በሚወጡ አጫጭር የጎን ቀንበጦች ነውና፣ የአበባው ጊዜ ከመድረሱ በፊት የሚገርዘው ሰው አበባውን አብሮ ይገርዘዋል። መግረዝ ያለብዎት ካበበ በኋላ፣ የመጨረሻው አበባ ሲረግፍ ነው። ለጊዜው የሚሻለው ቀንበጦቹን ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንዲወጡ ከመተው ይልቅ ወደ ጎን አጋድሞ ማሰር ነው። ቀንበጥ ቀጥ ብሎ ሲቆም የሚያድገው ጫፉ ብቻ ነው፤ ሲጋደም ግን በየአንጓው ያንቀላፉት ዓይኖች ይነቃሉ። በዚህ ሐሳብ ላይ ጥርጣሬ ካለዎት በአንድ ቀንበጥ ብቻ ይሞክሩት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በእያንዳንዱ አንጓ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ ብቅ ስትል ያያሉ። ማሰሪያው የቃጫ ገመድ ወይም የቆየ ጨርቅ ብጣሽ ይሁን፤ ሽቦ ግንዱ እየወፈረ ሲሄድ ይቆርጠዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አይንቀሉት አልሁ እንጂ ቦታውን አይለውጡት አላልሁም። በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ያለውን፣ ገና ትንሽ ሳለና ዝናቡ ሳያልፍ፣ ሥሩን ከነአፈሩ በሰፊው አውጥተው ወደ ሌላ ቦታ ቢያዛውሩት እመክራለሁ። የዚህ ተክል መዓዛ ሲመሽ ይከብዳል፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ለሚያመሽ ሰው ደስታ ነው፣ መስኮት ከፍቶ ለሚተኛ ግን ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። የሚዛወርበት ቦታ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ በጣሪያ ክፈፍ ጥላ ሥር የሚውል ሐረግ ቅጠሉ ቢያምርም አበባው ይሳሳል።

ጥያቄ፦ «የምጽፍላችሁ ከቢቸና ነው። የግቢዬ አፈር መረሬ ነው። ሁለት ጊዜ የጃዝሚን ሐረግ ተክዬ፣ ሁለቱም ጊዜ በነሐሴ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ በመስከረም ሞተብኝ። ጉድጓዱን በሚገባ ቆፍሬ ቀይ አፈርና አሸዋ ከሩቅ አስመጥቼ ሞልቼበት ነበር። ምን ጎደለው?»

መልስ፦ የጎደለው ነገር የለም፤ የበዛው ውኃ ነው። መረሬ ዝናብ ሲጠግብ ያብጥና ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። በእንዲህ ያለ አፈር መካከል ጉድጓድ ቆፍሮ ልል አፈርና አሸዋ መሙላት፣ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ቢመስልም፣ በተግባር ግን እንስራ ቀብሮ ችግኙን እንስራው ውስጥ እንደ መትከል ነው። ከዙሪያው የሚመጣው ውኃ ወደ ልሉ አፈር ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ውኃ እንደ ተጠማ ተክል ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም ጠማው ብሎ ይጨምርለታል። ለወደፊቱ እንዲህ ሲሆን ከሥሩ አንዱን በጣትዎ ቆፍረው ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ ሲጎትቱት ቆዳው እንደ ካልሲ ይወልቅና ክር የመሰለ ውስጡ ብቻ ይቀራል፣ ሽታውም ያስታውቃል።

ለጤፍ ማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣ ገበሬ ባለበት አገር ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ለሐረጉም የሚያስፈልገው ያው ፈሰስ ነው። አስቀድመው አንድ ክንድ የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ማታ ውኃ ይሙሉበት። ጠዋት ውኃው እዚያው ካለ በዚያ ቦታ ጉድጓድ ቆፍረው አይትከሉ፤ ይልቁንም ከመሬቱ በላይ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ወርዱም አንድ ሜትር የሚሆን የአፈር ጉብታ ያብጁ። ለጉብታው የሚሆነው የራሱ የግቢው አፈር ከብዙ ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ነው እንጂ ከሩቅ የሚመጣ ቀይ አፈር ግዴታ አይደለም። ችግኙን በጉብታው አናት ላይ ተክለው፣ በታችኛው በኩል ውኃውን ወደ ውጭ የሚወስድ ፈሰስ ያውጡለት።

መረሬ ሌላም ጠባይ አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ሥሩን ይበጥሰዋል። ስለዚህ ጥቅምት ሲጋመስ ጉብታውን በጤፍ ጭድ አራት ጣት ያህል ይጎዝጉዙት፤ ጭዱ ግን ግንዱን እንዳይነካው ስንዝር ያህል ክፍት ይተዉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት አንድ ጊዜ 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ውኃ ቀስ አድርጎ ማጠጣት፣ በየቀኑ አንድ ጣሳ ከመርጨት እጅግ ይሻላል፤ ጥቂት ጥቂቱ ውኃ ሥሩ ላይ ላዩን እንዲቀር ያደርገዋልና።

ጥያቄ፦ «እኔ ዳንግላ ነኝ። የሠፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደን ዳር ላይ ተምበለል አለ፤ ሲያብብ ቅዳሴ ለመጣው ሰው ሁሉ ይሸታል። ከዚያ ወስጄ በደጄ ላበቅለው እችላለሁ? በእኛ አካባቢ አፈሩ አሲዳማ ነው ተብሎ ለስንዴው ኖራ ይጨመራል፤ ለተምበለሉስ ልጨምርለት? መውጫውን በቀርከሃ ልሠራለት አስቤአለሁ።»

መልስ፦ ከአራቱ ጠያቂዎች የቀናሁት በእርስዎ ነው። ለጎጃም ግቢ ከውጭ ከመጣው ይልቅ ተምበለልን እመርጣለሁ፤ ለአየሩም ለአፈሩም እንግዳ አይደለምና። የጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ደኖች ከሌላው ቦታ የጠፋውን ብዙ ተክል ያቆዩልን በመሆናቸው ግን፣ ከዚያ ነቅሎ መውሰድ በሃይማኖትም በዕፅዋት ጥበቃም ነውር ነው። የደብሩን አለቃ ወይም ገበዙን አስፈቅደው ቁራጭ ብቻ ይውሰዱ፤ እናቱ እዚያው ትኑር።

በሰኔ አጋማሽ፣ አበባ ያልያዘ፣ ለጋም ያልሆነ ግን ገና ያልደረቀ ቅርንጫፍ ይምረጡ። ሲጎብጥ የማይሰበር፣ ሲለቁት ግን የሚመለስ ከሆነ ዕድሜው ልክ ነው። ከዚህ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው ቁራጭ በስለታም ቢላ ከአንጓ ዝቅ ብለው ይቁረጡ፤ የታችኞቹን ቅጠሎች አርግፈው ሁለት ያህሉን ከላይ ይተዉ። ግማሽ አሸዋ ግማሽ ኮምፖስት በተሞላ፣ ታቹ በተበሳ የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት አንጓው እስኪቀበር ይትከሉና በጥላ ሥር ያስቀምጡት። ከላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ቢደፉበት እርጥበቱን ይጠብቅለታል፤ ላስቲኩ ግን በየጥቂት ቀኑ ተከፍቶ ካልተናፈሰ ይሻግታል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ጎተት ሲያደርጉት እምቢ ካለ ሥር ይዟል ማለት ነው። ሁሉም አይጸድቅምና አምስት ከፈለጉ አሥር ይትከሉ።

አንዱ ጸድቆ ካደገልዎት በኋላ ለማብዛት ቢላም አያስፈልግም። ረጅሙን ቅርንጫፍ ምድር ላይ አስተኝተው፣ ከጫፉ አንድ ክንድ ገባ ብሎ ካለ አንጓ ሥር ቅርፊቱን በጥፍርዎ ፋቅ አድርገው፣ አፈር አልብሰው ድንጋይ ይጫኑበት፤ ጫፉ ግን ከአፈሩ ወጥቶ ቀና ይበል። በክረምት መግቢያ የተቀበረ ቅርንጫፍ መኸር ሲያልፍ ከእናቱ ተቆርጦ ለጎረቤት ሊሰጥ ይችላል።

ኖራውን ይተዉት። ኖራ ለስንዴ የሚጨመረው አሲዳማነቱ ተለክቶ፣ የሚጨመረው መጠንም ተሰልቶ ነው፤ በግምት የበዛ ኖራ ተክሉ ብረት እንዳያገኝ አድርጎ ቅጠሉን በደም ሥሮቹ መካከል ቢጫ ያደርገዋል። ተምበለሉ ከእርስዎ አፈር ጋር ባይስማማ ኖሮ በደኑ ዳር ባልበቀለ ነበር። ብስባሽ ቅጠል ይበቃዋል።

ስለ ቀርከሃው፦ ከእንጅባራ ወገን የሚመጣው የደጋ ቀርከሃ ለዚህ ሥራ መልካም ነው፤ ቶሎ የሚበሰብሰው አፈር የነካው ጫፉ ነው። ምስጥና ብስባሴ ለመከላከል እግሩን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም፣ ዘይቱ ወደ ተምበለሉ ሥር ስለሚወርድ እዚህ ላይ አልመክረውም። አጭር ብረት ድንጋይ መካከል ተክለው ቀርከሃውን በብረቱ ላይ ከመሬት ከፍ አድርገው ቢያስሩት ለዓመታት ያገለግላል።

ጥያቄ፦ «ከባሕር ዳር። የቆርቆሮ አጥራችንን እንዲሸፍንልን ስታር ጃዝሚን ተክለን ደርሷል፣ አብቧልም። ነገር ግን ባለፈው ሚያዝያ በአጥሩ በኩል ያለው ቅጠል ተጠበሰ። አሁን ደግሞ ቅጠሉ ላይ እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ነገር አለ፣ ጉንዳንም ይመላለስበታል። እናቴም እባብ ይስባል ብላ እንድንቆርጠው ትፈልጋለች።»

መልስ፦ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይዋ ቆርቆሮን እጅ እስከማያስነካ ድረስ ታግለዋለች፤ ቅጠሉን የጠበሰው ፀሐዩ ሳይሆን ቆርቆሮው ነው። ይህ ሐረግ እየተጠመጠመ የሚወጣ እንጂ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስላልሆነ፣ ከአጥሩ አንድ ስንዝር የራቀ ሽቦ ወጥረው ወደዚያ ያሻግሩት። በመካከሉ አየር ካለፈ አይጠበስም።

ጥላሸቱ በራሱ በሽታ አይደለም። ቅጠሉን ገልብጠው በቅርበት ይመልከቱ፦ በጀርባው ክሽክሽ ወይም ቅርፊት የመሰሉ፣ የማይንቀሳቀሱ ቡናማ ነፍሳት ተጣብቀው ያገኛሉ። እነዚህ የተክሉን ፈሳሽ እየመጠጡ ጣፋጭ ነገር ያንጠባጥባሉ፤ ጥቁሩ ሻጋታ የሚበቅለው በዚያ ላይ ነው፣ ጉንዳኑም የሚመጣው ያንኑ ሊልስ ነው፤ ለጌቶቹም ዘብ ይቆምላቸዋል። ደረቅ የልብስ ሳሙና ፍቀው አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህሉን በአንድ ሊትር ውኃ አሟሙተው ፀሐይ ሳይበረታ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ እያደረጉ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ይርጩት። ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላልና አይጠቀሙ። ቅርፊት መሳዮቹ ካልለቀቁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈቀፈቁ። በምትቆርጡበት ጊዜ ወተቱ ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል ጓንት አድርጉ።

እናትዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እባብ አበባ አሽትቶ አይመጣም፤ ከሥሩ የረገፈ ቅጠልና ቆሻሻ ከተከመረ ግን አይጥ ይገባበታል፣ እባብም አይጧን ተከትሎ ይመጣል። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን የሐረጉን ክፍል መልምላችሁ ግንዱ እንዲታይ አድርጉ፤ ሥሩንም በየሳምንቱ ጥረጉት። እናትዎ ራሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሥር ሥሩን ከዳር እስከ ዳር ማየት ከቻሉ ቁረጡት አይሉም።